ሥጋና ለስላሳ መጠጥ በአርሲ ገበታ፦ የሚቀንሰው ማን ነው?

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው አሰላ በስንዴና በገብስ ማሳዎች የተከበበች ከተማ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ ከተማይቱ ከመድረሱ በፊት የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ያገኛል። በዚህ ማዕከል ከስንዴ ጎን ለጎን ባቄላና አተር ይጠናሉ። ስለ ሥጋ በምንጽፍበት ገጽ ባቄላን አስቀድመን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

‹‹ሥጋ ቀንሱ›› የሚለው ምክር በአብዛኛው የሚነገረው ሥጋ የዕለት ምግብ በሆነባቸው አገሮች ነው። የአርሲ ገበሬ ግን ሥጋ የሚቀምሰው ይበልጡን በፋሲካ፣ በአረፋ ወይም በሠርግ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቀንስ ብንለው ከምኑ ላይ ይቀንሳል? እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ዕድገታቸው የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሕፃናት እንቁላል፣ ወተትና ጥቂት ሥጋ የብረት፣ የዚንክና የቫይታሚን ቢ12 ምንጮች ናቸው። በመሆኑም ምክሩ ለሁሉም አይሠራም።

የሚመለከተው በየሳምንቱ መጨረሻ ከሥጋ ቤት የማይጠፋውን ከተሜ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የቀይ ሥጋ ፍጆታ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ያሳስባል። ይህ በጥሬው ከ750 ግራም ብዙም አይበልጥም። በአንድ መቀመጫ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የሚበላ ሰው የሳምንቱን ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ ይነሣል ማለት ነው። አባቶቻችን የጥሬ ሥጋን መዘዝ፣ ማለትም የኮሶ ትልን፣ በደጋው ላይ በሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ያክሙት ነበር፤ ለአንጀት ካንሰርና ለደም ሥር ሕመም ግን እንዲህ ያለ አበባ የለም።

በለስላሳ መጠጥ ላይ ያለን አቋም ከዚህ የጠነከረ ነው፤ ከእርሱ የሚገኝ የሚናፍቅ ንጥረ ነገር የለምና። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር የያዘ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች የሚሆነው ብቻ ከስኳር እንዲገኝ ይመክራል። ለአራት ዓመት ሕፃን ይህ ልክ በአንድ ጠርሙስ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በፈሳሽ መልክ የሚወሰድ ስኳር ደግሞ እንደ ምግብ አያጠግብም፤ ሕፃኑ ጠጥቶም ይራባል። ሆኖም ለስላሳ የእንግዳ ክብር ሆኗል፤ የስኳር ሕመምተኛን ለመጠየቅ እንኳ ለስላሳ ተይዞ ይኬዳል! እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ተቋም የአካባቢውን ላሞች ከፍሪዥያን ዝርያ ጋር ሲያዳቅል በነበረበት አገር፣ ለሕፃን በወተት ፈንታ ጠርሙስ መከፈቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ባቄላችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ 100 ግራም ፕሮቲን ለሥጋ ከሚረባ ከብት ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል፤ ከአተር ሲሆን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እርግጥ የአርሲ በሬ አራሽም የፍግ ምንጭም ነውና ዕዳውን ሁሉ በሥጋው ላይ መጻፍ አግባብ አይመስለንም። ባቄላ ግን በሥሮቹ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ስንዴ በስንዴ ላይ እየተዘራ በተዳከመ ማሳ ላይ ሲፈራረቅም ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል። በገበታም ላይ ባቄላ ለገብስ የጎደለውን ላይሲን፣ ገብስም ለባቄላ የጎደለውን ሜቲዮኒን ያሟላሉ።

የባቄላ ብረት ከሥጋ ብረት ይልቅ በዝግታና በጥቂቱ ወደ ሰውነት ስለሚገባ፣ ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም ማከል፣ ቡናውንም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይረዳል። ይህ የመጨረሻው ምክር ግን በአሰላ ቤቶች በቀላሉ ተቀባይነት የሚያገኝ አይመስለንም።