ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ ዋና ከተማ፣ በቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸው ሁለት ጎሎች ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰውን ቡድን ረቱት። በጨዋታው መዝገብ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ግብፅ ደግሞ እንግዳ። ሁለቱም ግን በአውሮፕላን ሄደው፣ በሆቴል አድረው፣ በሰው አገር ሣር ላይ ነው የተገናኙት። በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ ባለችው መርሳ ደስታው በየቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተጀምሮ በየቴሌቪዥኑ ዙሪያ አለቀ። ያ ጨዋታ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ከመርሳ ማለዳ የተሳፈረ ወጣት በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ በዋዜማው ይደርስ ነበር። ማላዊ ግን ለሐብሩ ልጅ በካርታ ላይ የሚያያት አገር ናት።

የብሔራዊ ቡድናችን፣ የዋልያዎቹ፣ ስደት የጀመረው ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። መጋቢት 2013 ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን በዚያው ሰሞን ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። የመጨረሻው ጨዋታ አቢጃን ላይ ነበር። ቡድናችን 3 ለ 1 እየተመራ ሳለ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ጨዋታው ተቋረጠ፤ ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ በመውጣታቸው ግን ማለፋችን ተረጋገጠ። በጳጉሜን 2013 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዚምባብዌ ባሕር ዳር መጥታ 1 ለ 0 ተሸነፈች። መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ መጣችና 3 ለ 1 አሸንፋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም አለ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከዚያ አስቀድሞ ከተፈቀዱት ሜዳዎች መዝገብ ወጥቶ ነበር። በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወትበት አንድ የተፈቀደ ሜዳ ጠፋ።

ካፍ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ችግሩ ሣሩ ብቻ ይመስለዋል። ሣሩ አንዱ ነው። ከእርሱ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት የየራስ ወንበር ያስፈልጋል፤ ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጡ አይፈቀድም። ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች ሻወርና መጸዳጃ ያለው መልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ ለጋዜጠኞች መሥሪያና መግለጫ መስጫ ቦታ፣ የሌሊት ጨዋታ ለማስተላለፍ የሚበቃ ፓውዛ፣ ተመልካች አንድ በአንድ የሚቆጥር መግቢያ፣ በአደጋ ጊዜ ሕዝቡን በፍጥነት የሚያስወጣ በር ይፈለጋል። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በየክልሉ ትልልቅ የኮንክሪት ቅርጽ አቁመናል፤ የጎደለው የውስጡ ነው። ቧንቧው፣ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ክፍሉ። ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ የማይነሣው፣ በዓመቱም ጥገና የሚፈልገው ክፍል።

የመጀመሪያው የስደት ጨዋታ ኅዳር 2 ቀን 2014 ጋናን የገጠምንበት ነው፤ ቦታው ሶዌቶ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም። አንድሬ አየው በቅጣት ምት አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1 ተለያዩ። ያን ጨዋታ መርሳና ወልድያ አላዩትም። ሁለቱም ከተሞች ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም እንደዚያው ቆዩ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። የቻለ ወደ ደሴ ሸሽቶ ነበር፤ ከዚያ ደሴና ኮምቦልቻም ሲያዙ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ተሰደደ። ብሔራዊ ቡድኑ ሜዳ አጥቶ ጆሃንስበርግ ሲጫወት የሰሜን ወሎ ሰው ደግሞ ከቤቱ ተነቅሎ በየመጠለያው ነበር። ሁለቱን መከራዎች አላመሳስላቸውም፤ የአንዱ ክብደት ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። በአንድ ወር ውስጥ የሆኑ መሆናቸውን ግን ከእኛ ከወሎዎቹ በቀር ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መጋቢት 2015 ጊኒን ራባት ላይ በ«ሜዳችን» ገጥመን 3 ለ 2 ተሸነፍን። ሰኔ 2015 ከማላዊ ጋር ማፑቶ ላይ ያለ ጎል ተለያየን። ኅዳር 2016 ሞሮኮ ውስጥ ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ወጣን፤ በስድስተኛው ቀን በዚያችው አገር በቡርኪናፋሶ 3 ለ 0 ተሸነፍን። በ2016 ማብቂያ፣ በጳጉሜን፣ ዳሬሰላም ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ጥቅምት 2017 ጊኒ አይቮሪኮስት ላይ 3 ለ 0 ረታችን። ኅዳር 2017 ታንዛኒያ ኪንሻሳ ላይ 2 ለ 0፣ መጋቢት 2017 ግብፅ ካዛብላንካ ላይ 2 ለ 0። ከሊሎንግዌው ድል በኋላ በአፍሪካና በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስምንት «የሜዳ» ጨዋታ አድርገን አንዱንም አላሸነፍንም። ዘጠነኛው ላይ፣ ያም ሞሮኮ ውስጥ፣ ጂቡቲን 6 ለ 1 ረታን።

የጂቡቲውን ነገር ልብ ላለው ሰው ያማል። ጂቡቲም የተፈቀደ ሜዳ ስላልነበራት ሰኔ 2016 እኛን በ«ሜዳዋ» የተቀበለችን ሞሮኮ ውስጥ ነበር። በባቡር ሐዲድ የተያያዙ ሁለት ጎረቤቶች ደርሶ መልሱን ጨዋታ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው አትላንቲክ ዳር ሄደው ተጫወቱ። ከጊኒ ጋር ያደረግናቸው አራት የማጣሪያ ጨዋታዎች ውስጥም አንዱ እንኳ ኮናክሪ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም፤ ሁለቱ ሞሮኮ፣ ሁለቱ አይቮሪኮስት። መመዘኛው ከጠበቀ ወዲህ ብዙ የአፍሪካ ቡድኖች እንዲህ ተበትነዋል፤ ሞሮኮ ደግሞ ስታዲየሞቿን አዘጋጅታ የብዙዎቹ አስተናጋጅ ሆነች። ካፍ ስለ ተጫዋችና ተመልካች ደኅንነት መጠንቀቁ ተገቢ ነው፤ በመጨናነቅ የሰው ሕይወት ያለፈባቸው ስታዲየሞች በአህጉሩ ነበሩ። ስለዚህ ጣታችንን ካይሮ ባለው ቢሮ ላይ መቀሰር አይረዳንም።

ኪንሻሳ ላይ የሆነውን ትንሽ ልቆይበት። ቡድኑ «ባለሜዳ» ሆኖ በታንዛኒያ ተሸነፈ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ከተማ እንግዳ ሆኖ ዲሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ደጋፊዋ ፊት 2 ለ 1 አሸነፈ። ኮንጎዎቹ አስቀድመው ማለፋቸውን አረጋግጠው ስለነበር ጨዋታው ለእነርሱ ያን ያህል አያስጨንቃቸውም፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ልጆቹ ኳስ እንደሚችሉ ለማሳየት ይበቃል። የሌላቸው ነገር ሌላ ነው። ሜዳ ማለት ለዋልያዎቹ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው የአዲስ አበባ አየር ነው፤ እንግዳው ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው እኛ የምንበረታበት። ሜዳ ማለት የአዲስ አበባ ስታዲየም የደጋፊ መቀመጫዎች፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈውን የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ያነሣው ያ ሕዝብ ነበር። አዳነ ግርማ ሲያገባ፣ ሳላዲን ሰዒድ ሲደግም ከተማው እንዴት እንደተናወጠ ያየ ሰው ባዶ ወንበር ፊት መጫወት ምን እንደሚያሳጣ ማስረጃ አይፈልግም።

ታሪኩ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስቆጫል። ካፍን በ1957 በአውሮፓ አቆጣጠር ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይድነቃቸው ተሰማ በዚያው አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1987 ያን ድርጅት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ እግር ኳስ ደጅ ያስቆሙት ሰው ናቸው። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ አሠልጣኙ እኒሁ ይድነቃቸው ነበሩ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዷል። የዚያ ስታዲየም ባለቤት፣ የዚያ ድርጅት መሥራች፣ ድርጅቱ የሚያጸድቅለት ሜዳ አጥቶ ለዓመታት አገር ለአገር ዞረ። ቦሌ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም እነዚህ ሁሉ የስደት ጨዋታዎች ሲካሄዱ አላለቀም።

አሁን ወደ ወልድያ ልምጣ።

ከመርሳ በስተሰሜን፣ በሲሪንቃ በኩል በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች በሆነ መንገድ፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው በየወንበሩ የሚያስቀምጥ ስታዲየም አለ። ደሴ ተወልደው ወልድያ ባደጉት በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስም የተጠራና በእርሳቸው ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ወጪው ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መዋኛ ገንዳው፣ የቅርጫትና የመረብ ኳስ፣ የቴኒስ ሜዳው ሁሉ አብሮ ነው የቀረበው። ለሰሜን ወሎ ያ ቀን ትልቅ ነበር። የወልድያ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ስለነበር በገጠር ቀበሌ ያለ ልጅ ስማቸውን በሬዲዮ የሚሰማቸውን ክለቦች በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ መጣ። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከጊራና የሚመጣ ሰው ጨዋታ አይቶ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ስታዲየም በአቅራቢያ መኖሩ የሚሰጠው ይህን ነው።

ዘመኑ ግን አጭር ሆነ። ኅዳር 2010 የመቀለ ከተማ ክለብ ወልድያ ለጨዋታ በመጣበት ቀን ሁከት ተነሣ፤ ሰው ተጎዳ፣ ንብረት ጠፋ፣ ጨዋታው ሳይደረግ ቀረ። በዚያው ዓመት ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ይህን የምጽፈው ከተማዬን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን በኳስ ሜዳ የፈነዳው በመላው አገር ሲታመቅ የነበረ ነገር ነው። ነገር ግን ስለ ሜዳ ስንናገር ስለ መልበሻ ክፍልና ስለ ፓውዛ ብቻ አውርተን እንግዳን በሰላም ተቀብሎ በሰላም ስለመሸኘት ዝም ብንል ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄድ ሆነ። በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ ይመቻል፤ ለክለቡ ግን የራሱን ደጋፊ አሳጣው። ከዚያም ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በሚውልበት አገር የካፍ ተቆጣጣሪ ወልድያ ድረስ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ቢሆንም ሊሠራ እንደሚቻል ያየንበት ምሳሌ በእጃችን አለ። ጥቅምት 2016 የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲዎቹ፣ በኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ አስተናግደው 1 ለ 1 ተለያይተዋል። የአህጉሩን ኃያል ቡድን በአገራቸው ሕዝብ ፊት አቆሙት። በቀጣዩ ወር ወንዶቹ ሴራሊዮንን ሊያስተናግዱ ሞሮኮ ሄዱ። ትንሽ ስታዲየም፣ በመጠኑ ተዘጋጅቶ፣ ለተወሰነ ደረጃ ጨዋታ ሲበቃ አይተናል ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው አሥር ግዙፍ ስታዲየም በአንዴ መጀመር ወይስ አንዱን እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ መጨረስ የሚል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥል። እያንዳንዱ የስደት ጨዋታ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል፣ የስታዲየም ኪራይ ያስወጣል፤ የትኬት ገቢውም ይቀራል። ያ ገንዘብ በየዓመቱ ውጭ ከሚፈስ ለወንበርና ለመታጠቢያ ቢውል ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ጠይቆ ነበር። ሃያ አራት ቡድን የሚሳተፍበት ውድድር ቢያንስ ስድስት ስታዲየም ይፈልጋል። ጥያቄው መቅረቡን እደግፋለሁ፤ ቀነ ገደብ ያለው ሥራ በአገራችን ቀነ ገደብ ከሌለው ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር አንድ ነገር ለሕዝብ ይስጡ፤ የባሕር ዳር፣ የሐዋሳ፣ የድሬዳዋ፣ የአዲስ አበባና የወልድያ ስታዲየሞች በካፍ መመዘኛ ሲለኩ እያንዳንዳቸው ምን እንደጎደላቸው፣ ጉድለቱን የሚያሟላው ማን እንደሆነ፣ በስንት ብርና እስከ መቼ። ከወልድያ አንጻር የምንፈልገው ዝርዝር ይህ ነው፤ የሣሩ ሁኔታ፣ የወንበሩ ቁጥር፣ የፓውዛው ብርሃን፣ የመልበሻ ክፍሉ ውኃ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተጠገነውና ያልተጠገነው። በአማርኛ ተጽፎ በከተማው አስተዳደር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መርሳ ያለው ሰው ሄዶ ያነበዋል።