የካምፓላ ኮረብቶችና ምሽጎቻቸው

ካፒቴን ፍሬድሪክ ሉጋርድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1890 ቡጋንዳ ሲደርስ የተሰጠውን ዝቅተኛ ቦታ አልተቀበለም። የቡጋንዳን ንጉሥ (ካባካ) ምዋንጋን ሳያስፈቅድ፣ ከሜንጎ ቤተ መንግሥት ትይዩ ያለውን ኮረብታ ይዞ ሰፈረ። ዛሬ አሮጌው ካምፓላ የሚባለው ይኸው ኮረብታ ነው። በዚያ የተሠራው ምሽግ ግንብ አልነበረም፤ አፈርና እንጨት ነበር። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በብዙ ከተሞች ያቆሙት ምሽግም አብዛኛው አጀማመሩ እንዲሁ ነው፤ የአፈር ጉብታና የእንጨት አጥር። ድንጋዩ የመጣው ኋላ ነው። የሉጋርድ ምሽግ ቁም ነገሩ ከፍታው ነበር፤ ምዋንጋ ከደጁ ብቅ ባለ ቁጥር ምሽጉን ማየት ነበረበት።

ሉጋርድ የመጣው የአንድ እንግሊዛዊ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ነው። ጥር 24 ቀን 1892 የቡጋንዳ ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች ሜንጎ ላይ ሲዋጉ ፕሮቴስታንቶችን ደግፎ ማክሲም መትረየሱን አስተኮሰ። ምዋንጋ ሸሸ። በ1894 አገሩ የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ተባለ፤ ንጉሡም በ1899 ወደ ሲሸልስ ተግዞ በ1903 እዚያው አረፈ።

በዚያው ዘመን ጣሊያኖች መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገው ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ሲያስይዙባቸው ግን በ1896 መጀመሪያ ለቀው ወጡ። የካምፓላው ምሽግ የጸናው በመትረየስ ብቻ አይመስለኝም፤ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች መካከል ወገን ስላገኘ ጭምር ነው።

የሜንጎው ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ሉቢሪ፣ ከ1892ቱ ውጊያ የከፋ ዘመን አይቷል። ግንቦት 24 ቀን 1966 የኡጋንዳ መሪ የነበረው የኦቦቴ ጦር በኢዲ አሚን አዛዥነት ወረረው፤ ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ አምልጠው ለንደን ገቡ፣ በ1969ም እዚያው ሞቱ። ግቢው የጦር ካምፕ ሆነ። በውስጡ ለመሣሪያ ማከማቻ የተሠሩት የኮንክሪት ክፍሎች በአሚን ዘመን የሰው ማጎሪያ ሆኑ። ጨለማ ናቸው፤ ግድግዳቸው ላይ እስረኞች የጻፉት ይነበባል። በመግቢያው ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ውኃ እንደነበር አስጎብኚዎች ይናገራሉ።

ሌላው የካምፓላ ኮረብታ፣ ካሱቢ፣ ደግሞ ምሽግ ሳይሆን መካነ መቃብር ነው፤ አራት ካባካዎች አርፈውበታል። ቤተ መንግሥት ሆኖ በ1882 የተሠራው የሣር ክዳን ቤት በ2010 ተቃጥሎ እንደገና ተገንብቷል። ከጣሪያው ሥር የተጠማዘዙት 52 ቀለበቶች የቡጋንዳን 52 ጎሳዎች ይወክላሉ።

የሉጋርድ ምሽግ እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ አላገኘም። በ1908 የኡጋንዳ ሙዚየም የተጀመረው በእርሱ ውስጥ ነበር፤ ሙዚየሙ በ1954 ኪራ መንገድ ላይ አሁን ወዳለበት ሕንፃ ገባ። በ2000ዎቹ በኮረብታው አናት ላይ ታላቁ መስጊድ ሲገነባ ምሽጉ ፈርሶ አምሳያው እዚያው አጠገብ ተሠራ። መስጊዱ ለከተማዋ ሙስሊሞች ትልቅ ጸጋ ነው። ያም ሆኖ የምሽጉ ታሪክ የቦታው ታሪክ ነበር፤ አምሳያውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ሉጋርድ ለምን ያንን ኮረብታ እንደመረጠ አይገባውም። ከመስጊዱ ሚናራ ላይ ወጥቶ ወደ ሜንጎ የተመለከተ ግን ያገኘዋል፤ አስጎብኚዎችም ታሪኩን ከዚያ ቢጀምሩት እመርጣለሁ።