ደሰያትና ጀፎረ

በጥያ የቆሙትን 36 ትክል ድንጋዮች ለማየት ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወደ መዲናችን መጥተው፣ ስብሰባው ባበቃ ማግሥት የቡታጅራን መንገድ ይዘው የሚወርዱ ይገኙባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ እንግዶች አንዱ፣ ሰይፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆይቶ ከሲሸልስ የመጣ መሆኑን በነገረኝ ጊዜ፣ አብሮኝ የነበረ አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ እሷ ደግሞ አገር ናት ወይስ መዝናኛ?» ብሎ በአማርኛ ጠየቀኝ። እንግዳው ቋንቋችንን ባያውቅም እኔ በእርሱ ፊት አፈርሁ። ልጁን ግን አልወቀስሁትም፤ ስለ ደሰያት የሰማው ሁሉ ከሙሽሮች ሽርሽርና ከነጭ አሸዋ ሥዕል ያለፈ አልነበረምና፣ ወቀሳው የሚገባው እንዲህ አድርገን ለነገርነው ለእኛ ለመምህራንና ለጋዜጠኞች ነው።

የአፍሪካ ደሰያት መንግሥታት ስድስት ናቸው፤ ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ፣ ሲሸልስ፣ ኮሞሮስ፣ ኬፕ ቬርዴ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 32 መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የአንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ ከደሰያት ወገን የነበረችው ማዳጋስካር ብቻ ስትሆን፣ የቀሩት ነጻነታቸውን እየተቀዳጁ፣ ሞሪሸስ በ1968፣ ሦስቱ በ1975፣ ሲሸልስ በ1976፣ ወደ ማኅበሩ ገቡ። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት ደግሞ ከ1982 ጀምሮ የራሳቸው ኮሚሽን አላቸው። ድርጅቱን የተካው የአፍሪካ ኅብረት አባላት ዛሬ 55 ሲሆኑ፣ ድምፅ መስጠት ባስፈለገ ጊዜ የሲሸልስ ድምፅ ከናይጄሪያ ድምፅ አያንስም።

ስለ ማኅበራቸው ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ስሕተት ማረም አለብኝ፤ ይኸውም ደሰያትን በየብሳቸው ብቻ የመስፈር ልማድ ነው። የሲሸልስ መሬት ተለክቶ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ከአንድ ወረዳችን ጋር አስተያይቶ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ነገር ግን በ1982 በተፈረመው የባሕር ሕግ መሠረት አንድ መንግሥት ከዳርቻው እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ባለው ውኃ ውስጥ በዓሣውና በማዕድኑ ላይ ባለ መብት ነውና፣ ደሴቶቿ በሰፊው የተበተኑት ይህች አገር በሕግ የሚገባት ባሕር ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የኢትዮጵያ ስፋት 1.1 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ያ እንግዳ ከድንጋዮቻችን አጠገብ በቆመ ጊዜ፣ ከእኛ አገር የሚሰፋ ርስት የሚጠብቅ፣ ቍጥሩ ግን 200,000 የማይሞላ ሕዝብ ልጅ ነበር። ይህን ያህል ውኃ በጥቂት መርከብ መጠበቅ ለብቻ የሚቻል አይደለምና፣ ደሰያትን ወደ ማኅበር የሚገፋቸው ትንሽነታቸው ሳይሆን የርስታቸው ስፋት ነው ማለት ይቀርባል።

ማኅበሩ ምን ሊሠራ እንደሚችል የቻጎስ ነገር ያሳያል። ብሪታንያ ለሞሪሸስ ነጻነት ከመስጠቷ ሦስት ዓመት አስቀድማ፣ በ1965፣ የቻጎስን ደሰያት ከሞሪሸስ ቈርጣ አስቀረች፤ ከመካከላቸው ዲዬጎ ጋርሺያ ለአሜሪካ የጦር ሰፈር ስለ ተፈለገች፣ ነዋሪዎቹ እስከ 1973 ድረስ ተጠራርገው ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። የአንድነት ድርጅቱ መሪዎች በ1980 ዲዬጎ ጋርሺያ ለሞሪሸስ እንድትመለስ በውሳኔ ጠየቁ፤ ነገሩ ከአንዱ ቃለ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በ2018 የአፍሪካ ኅብረት ራሱ ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ አባሉ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2019፣ 13 ዳኞች በአንድ ወገን፣ አንድ ዳኛ በሌላ ወገን ሆነው፣ ብሪታንያ አስተዳደሯን ቶሎ ልታበቃ እንደሚገባት አስተያየቱን ሰጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ በ116 ድምፅ ሲደግፍ የተቃወሙት ስድስት ብቻ ነበሩ።

ከስድስቱ አንዷ ግን ራሷ የሕንድ ውቅያኖስ ደሰያት አገር ነበረች። ማልዲቭስ በቻጎስ በኩል ከሞሪሸስ ጋር የባሕር ወሰን ክርክር ስለ ነበረባት ድምፅዋን ከተቃዋሚዎች ጋር አኖረች፤ አቋሟን የለወጠችውም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ደሰያት በባሕርያቸው ተፋቃሪዎች ናቸው የሚል ሌላ ስሕተት እንዳልዘራ ነው፤ ወሰን በመጣ ጊዜ እነርሱም እንደ እኛ ናቸው።

ስለዚህም ነው ሞሪሸስና ሲሸልስ በጋራ የሠሩት ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ። በሁለቱ መካከል ማስካሬን የሚባል ከፍ ያለ የባሕር ውስጥ ሜዳ አለ፤ በሕጉ መሠረት አንድ መንግሥት የየብሱ መሠረት ከ200 ማይል አልፎ በባሕሩ ሥር መዘርጋቱን በሳይንስ ማስረጃ ካረጋገጠ፣ ያ ወለል ይገባዋል። ሁለቱ መንግሥታት ይህን ወለል ለየራሳቸው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ጠበቃና የካርታ ሊቅ ይዘው ሃምሳ ዓመት ሊካሰሱ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በ2008 አንድ ማመልከቻ በአንድነት ጽፈው ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አቀረቡ፤ ኮሚሽኑ በ2011 ተቀበላቸው፤ በ2012 በተፈረሙት ሁለት ውሎች ደግሞ 396,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለት ከአገራችን ሲሶ የሚበልጥ የባሕር ወለል፣ በጋራ ሊያስተዳድሩ ተስማሙ። ከላይ ያለው ውኃ የዓለም ሁሉ ነው፤ የእነርሱ የሆነው ወለሉና ከወለሉ በታች ያለው ነው። ከዚያ የሚገኘውም ሀብት እኩል ለእኩል ይከፈላል። የሞሪሸስ ሕዝብ ከሲሸልስ ሕዝብ አሥር እጥፍ ያህል መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ብዙው ከጥቂቱ ጋር እኩል ለመካፈል ቃል መግባቱ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ይገባዋል።

ይህን ውል ባነበብሁ ቍጥር በዓይኔ የሚመጣው ባሕር ሳይሆን ጀፎረ ነው። ከወልቂጤ ወደ ቸሃና ወደ እዣ ገባ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ በመንደሩ መካከል እንደ ወንዝ ሰፍቶ የሚያልፍ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ በሁለት ወገን ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ተሠርተዋል፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል ጨዋታውም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎም በእርሱ ላይ ነው። እንሰቱን በጓሮ የሚተክል ሁሉ በጓሮው ጌታ ነው፤ ጀፎረው ግን የማንም ስላልሆነ የሁሉ ነው። ብዙ ከብት ያለውም አንዲት ላም ያለችውም እኩል ያልፉበታል፤ አያርሱትም፣ አያጥሩትም። ይህንን የሚያስጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ቅጫ የሚባለው የአበው ሥርዓት ነው፤ በእኛ በሶዶም የጎርደና ሴራ አለ። ዛሬ ዛሬ ግን አጥራቸውን በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የሚገፉ ሰዎች አይቻለሁና፣ እነዚህ ወገኖቼ አባቶቻቸው ያለ ካርታ የጠበቁትን ሁለት የደሰያት መንግሥታት በውቅያኖስ ሥር ለመጠበቅ በውል መማማላቸውን ቢሰሙ፣ አጥራቸውን ወደ ቦታው እንዲመልሱ እለምናቸዋለሁ።

ለደሰያት ደግሞ ብድር አለብን። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ታላላቆቹ መንግሥታት ቃላቸውን ሲያለሳልሱ፣ የደሴቲቱ አገር የሃይቲ መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥቶ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የሚሠራው ግፍ ነገ በሌላው እንደሚደርስ መንግሥታቱን አስጠነቀቀ። ኢትዮጵያና ደሰያት አብረው ሲነሡ ግን ጄኔቭ የመጀመሪያው አይደለም፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ በ71ኛው መዝሙር ኢትዮጵያ ከተጠራች በኋላ ወዲያው የደሰያት ነገሥታት እንደሚከተሉ ያውቃል፤ እኔም በልጅነቴ ስደግመው ደሰያት የት እንደሆኑ ሳልጠይቅ ማለፌ ዛሬ ይቈጨኛል።

ያ ተማሪዬ እንግዳው ከሄደ በኋላ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ካርታ ዘርግተን፣ የማስካሬንን ወለል በእርሳስ እንዲያጠላው ነገርሁት፤ አጠላ። ከዚያም እርሳሱን በጥላው መካከል አቁሞ፣ «መምህር፣ የሲሸልስና የሞሪሸስ ድንበር በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለኝ። በዚያ ውስጥ ድንበር እንደሌለ ብነግረው፣ እርሳሱን እንደ ያዘ ረጅም ጊዜ ካርታውን ሲመለከት ቆየ።