ያልጠራናቸው እንግዶች

ከጥቂት ወራት በፊት የቤታችን ኢንተርኔት ዐመሉ ተለወጠብን። ቀኑን ደኅና ሲሠራ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ደከመ በቅሎ ቀጥ ይላል። ወርኃዊውን ሒሳብ ሳናጓድል የምንከፍል ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአገልግሎት ሰጪው ላይ ጥለን ስናማርር ሰነበትን።

አንድ ቀን ማታ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ወዳጃችን ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ጉዳዩን ብናጫውተው፣ «ከዋይፋያችሁ ጋር የሚገናኝ ስንት መሣሪያ አላችሁ?» ሲል ጠየቀን። ስልኩን፣ ኮምፒዩተሩንና ቴሌቪዥኑን ቆጥረን 6 ነው አልነው። እርሱም የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ቢያሳየን፣ ተገናኝተው የተገኙት 14 ሆኑ። አቅራቢውን በከንቱ ስናማ ኖረናል ማለት ነው።

ይህን ገጽ ማንም ባለቤት ሊያየው ይችላል። በራውተሩ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንደ 192.168.1.1 ያለ ቁጥር ይገኛል። ይህንኑ በስልክ ብራውዘር ላይ ጽፎ፣ የአስተዳዳሪውን ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ይመጣል። ችግሩ፣ ዝርዝሩ አንዳንድ ጊዜ ስም አይነግርም፤ 12 ፊደልና አኀዝ ደርድሮ ይተዋል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ እውነተኛ አድራሻቸውን ሠውረው በሌላ ስለሚቀርቡ፣ የገዛ ልጅን ስልክ ሌባ ነው ብሎ መክሰስ ይመጣል። ስለዚህ ወዳጃችን የቤቱን መሣሪያዎች አንድ በአንድ አጠፋፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ። በዝርዝሩ የቀሩት 8 እንግዶች ነበሩ።

በምን ገቡ? ቁልፍ የሰበረ ሰው ያለ መስሎን ነበር፤ ወዳጃችን ግን ሳቀብን። የይለፍ ቃሉ የቤታችን ስልክ ቁጥር ነበርና! ለበዓል የመጣ ዘመድ ሁሉ ተነግሮታል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ወዲህ አንዱ ስልክ ቃሉን በኪውአር ኮድ ለሌላው ስለሚያሳይ፣ የተሰጠው ሰው ቃሉን ሳያውቀው እንኳ ለጎረቤት ያቀብለዋል።

እርግጥ ቁልፍ የሚሰብርም አለ። ዌፕ የተባለው የመጀመሪያው መቆለፊያ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ በ2001 ደካማነቱ ተገልጧል፤ ዛሬም በእርሱ የሚሠራ ራውተር ቢኖር በር የለሽ ቤት ነው። በ2004 የመጣው ደብሊውፒኤ2 ወይም በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 መመረጥ አለበት። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ማገናኛ ግን ማጥፋት ይሻላል። ባለ 8 አኀዝ ቁጥሩ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር፣ 11,000 ያህል ሙከራ እንደሚበቃው በ2011 ታውቋል። የዋይፋዩን ስም መደበቅ አንዳንዶች የሚመኩበት ነገር ቢሆንም እምብዛም አይረባም፤ የቤቱ ስልኮች ሲገናኙ ስሙን ራሳቸው ያወጡታል።

የነገሩ ክብደት ከፍጥነቱ ይልቅ በሌላ በኩል ነው። እንግዳው በመስመራችን ክፉ ሥራ ቢሠራ፣ ዱካው በመጀመሪያ የሚመራው ወደ እኛ በር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኔትዎርክ መግባትን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ስምንቱ እነማን እንደ ሆኑ እኛ አናውቅም።

በዚያው ሌሊት የይለፍ ቃሉን ለወጥነው። አራት የማይዛመዱ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ገጣጥመን ከ20 ፊደል በላይ አደረግነው። የአስተዳዳሪውንም ቃል አልተውነውም፤ ይህ ከፋብሪካ እንደ መጣ ከቀረ፣ አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ ራውተሩን እንደ ፈቀደው ሊያዝበት ይችላል። ዐሥራ አራቱም ባንድ ጊዜ ወጡ።

በማግስቱ በሰርቪስ ቤታችን የተከራዩት ሰዎች ልጅ በሩን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋብኝ» አለች። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለፈተናው የምታነበውን የምታገኘው በእኛ መስመር ኖሯል። ቃሉን ማን እንደ ሰጣት ብንጠይቃት፣ «እትዬ ናቸው» ብላ ባለቤታችንን ጠቆመች። ሌባ ስንል ያደርነው፣ ቢያንስ አንዱን፣ በገዛ ቤታችን ፈቃድ የገባ ሰው ነበር።

ወዳጃችንን በስልክ ብናማክረው፣ ራውተራችን የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል ሁለተኛ ስም ሊከፍት እንደሚችል ነገረን። በዚህ የሚገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ወደ ቤቱ ኮምፒዩተሮች አይደርስም። ለብቻው የይለፍ ቃል አበጅተን ለልጅቱ ሰጠናት፤ ለሌላ እንዳታሳይም ቃል አስገባናት። አሁን ማታ ማታ ዝርዝሩን ስናይ 7 እናገኛለን። ሰባተኛው የእርሷ ነው።