ያልፈሰሰው ቡና

ይርጋጨፌ፣ ቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን የታጠበ ቡና ሳገላብጥ ነበር። ከውጭ የመጣ ገዢ ባልደረባውን «ዶንት ስፒል ዘ ቢንስ» አለው። «ስፒል» ማፍሰስ፣ «ቢንስ» ፍሬ መሆኑን አውቅ ስለነበር፣ ደንግጬ ከአልጋው ሥር የፈሰሰ ቡና ፈለግሁ። አንዲት ፍሬ የለም። ሰውየው ያለው «ምስጢር እንዳታወጣ» ነው።

ማታ የራሴን አነጋገር አሰብኩ። «ሆደ ሰፊ» ስንል ስለ ሆድ ነው እንዴ? ታጋሽ ማለታችን ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ» ስንልስ የትኛው ጆሮ ዳባ ለብሶ ያውቃል? እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ ቃላቱን ነጣጥሎ የሚፈታ ሰው መልእክቱ ያመልጠዋል።

«ኖት ማይ ካፕ ኦፍ ቲ» ማለትም ስለ ሻይ አይደለም፤ «ምርጫዬ አይደለም» ማለት ነው። እንግሊዞች ሻይ ወዳድ ናቸውና ሲኒያቸው ወደ አነጋገራቸው ገባ፤ እኛም የልብ ወዳጅን «ቡና አጣጪዬ» እንላለን።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሐረግ ስሰማ አልቆራርጠውም። ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንዳለው ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም አቻውን በአማርኛ ወይም በጌዴኦኛ አኖራለሁ። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃል ከመሸምደዳቸው በፊት ይህን ዘዴ ብናሳያቸው መንገዱ ይቀናቸዋል።