አንብቦ የሚማር ኮምፒዩተርና የጎጃሙ «ብር»

ሰሞኑን ስለ ትውልድ አገሬ ስለ ቡሬ የተጻፈ ነገር ካለ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ ከመጡልኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ ስለ ሌላ ቡሬ የሚያወሩ ሆኑብኝ። ይኸውም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ስሙ ሲነሳ የነበረው፣ በአፋር በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቡሬ ግንባር ነው። የእኔዋ ቡሬ ግን ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላ የምትገኘው የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት። ለገበሬው ደግሞ ቡሬ የበሬ መጠሪያም ነው። እኛ ማንም ሳያስረዳን ከወሬው አካሄድ እንለየዋለን። ኮምፒዩተርስ?

አሜሪካ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቶም ሚቼል የሚመራ ቡድን በጥር 2002 ዓ.ም. ኔል የተባለ ፕሮግራም ሥራ አስጀምሮ ነበር። ኔል ለዓመታት ሌት ተቀን የኢንተርኔት ጽሑፍ እያነበበ እውቀት ሲያጠራቅም ቆይቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። «ከተማ» ለሚለው ምድብ አሥር፣ አሥራ አምስት ያህል ምሳሌ ይሰጡታል። እነዚህ ስሞች በምን ዓይነት አረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገቡ ያጠናል። በእኛ ቋንቋ ቢሆን፣ «የደብረ ማርቆስ ከንቲባ» የሚለውን ካወቀ በኋላ «የፍኖተ ሰላም ከንቲባ» የሚል ሲያገኝ ፍኖተ ሰላምም ከተማ ናት ብሎ ይመዘግባል። ዛሬ የተማረው ለነገ ንባቡ መነሻ ይሆነዋል።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ኔል በአንድ ወቅት «ኩኪስ» የሚባሉት የኢንተርኔት ፋይሎች የሚበላው ኩኪስ መሰሉት። ሰዎች «ኩኪሱን አጠፋሁት» ሲሉ አንብቦ ስለነበር፣ «ፋይሌን አጠፋሁት» የሚል ሲያገኝ ፋይልንም ከዳቦ ወገን መደበው። ስህተቱን ያረመው ሰው ነው።

እስቲ ወደ ጎጃም እንምጣ። በምዕራብ ጎጃም ብር የሚባል ወንዝ አለ። ክረምት ላይ «ብር ሞልቶ ሳንሻገር ቀረን» ቢባል ለአገሬው ሰው ግልጽ ነው። ብርን ከባንክ ዜና ብቻ የሚያውቅ ኮምፒዩተር ግን ገንዘብ ሞላ ብሎ ይይዛል፤ ቆይቶ «ዓባይ ሞልቶ» የሚል ሲያነብም ዓባይን ገንዘብ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚያድነው ስለ ወንዙ የተጻፈ ብዙ ጽሑፍ ማግኘት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው አማርኛ ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ዜናው ይበዛል። የየቃሉ ዓይነት በሰው እጅ ተለይቶ በ1998 ዓ.ም. ለጥናት የቀረበው፣ 210 ሺህ ያህል ቃላት ያሉት የአማርኛ ስብስብም የተወሰደው ከዋልታ ዜናዎች ነው። የገጠሩ እውቀት በአብዛኛው በቃል ያለ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ፣ የአካባቢው ሰው ስለ ራሱ መጻፍ ሳይችል ቀረ። በዚያ ጊዜ የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ኮምፒዩተር ፍኖተ ሰላምን የሚያውቃት በጦርነት ነው።

ዛሬ ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጡን ፕሮግራሞችም በዋናነት የሚማሩት ሰው ከጻፈው ነው። ስለዚህ የብርን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ስለ ወንዙ ይጻፍ እላለሁ፤ ካልጻፍን ኮምፒዩተሩ ስለ እኛ የሚነግረን ሌላው ያለውን ነው።