እርሳሱን እንዳትረሱ

ከሲያትል ወጣ ብሎ በሚገኝ የእግር መንገድ፣ ከትንሽ ድልድይ የብረት መደገፊያ ሥር፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጥቁር ነገር በማግኔት ተለጥፋ አገኘን። ልጄ ክዳኗን አዙሮ ፈታው። ውስጧ እንደ ክታብ የተጠቀለለች ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ አለች። በጥፍር ብንል፣ በመርፌ ቁልፍ ብንል አልወጣ አለች። ያኔ የአያቴ ወረንጦ ትዝ አለኝ። ከአንገታቸው ክር አይለዩትም ነበር፤ እሾህ በወጋን ቁጥር እያነከስን የምንሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረንጦ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ዕቃ ደብቆ የቦታውን መገኛ ቁጥር በይፋ ይናገራል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ዕቃውን ወደነበረበት ይመልሳል። አኩኩሉ ተጫውቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

የተጀመረበት ቀን በትክክል ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ። ወዲያው ሜይ 3 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አቅራቢያ፣ ጫካ ዳር አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀ። ባልዲው ውስጥ መጽሐፍ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የወንጭፍ እጀታና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበሩ። መዝገብና እርሳስም ነበሩበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ድብቅ ዕቃዎች አሉ፤ የጨዋታው ዋና ድርጅት መሥሪያ ቤትም እዚሁ ሲያትል፣ ፍሪሞንት ሠፈር ነው።

ጀማሪ ሰው ስልክ ካለኝ ይበቃኛል ይላል። ስልኩ በእርግጥ ያደርሳል፤ የሚያደርሰው ግን እስከ አካባቢው ነው። መገኛ ቁጥሩ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሆኖ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ አለው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ብትዛነፍ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 2 ሜትር ገደማ ትወስዳለች። በዚህ ላይ ትልልቅ ዛፍና ገደል ምልክቱን ይጋርዱታል፣ ያንጸባርቁታልም። የደባቂውም መሣሪያ የራሱ ስሕተት አለው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት ከፊት ወደ ኋላ መዋለል ሲጀምር ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። የቀረው አሥር ሜትር የዓይንና የእጅ ነው፤ ደስታውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ቦርሳ የሚዘጋጀው ለዚህች አሥር ሜትር ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የእጅ ባትሪ በጠራራ ፀሐይም ያዙ፤ የበሰበሰ ጉቶ ሆድ ቀን ከሌት ጨለማ ነው። አንገት የማያስገባ ቦታ ሥር ለማየት ትንሽ መስታወት ይጠቅማል። ጓንት ግን ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። በዚህ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የአገራችን ሳማ ዘመድ በየመንገዱ ዳር አለ፣ የብላክቤሪው እሾህም ልብስ ይቦጭቃል። እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን፤ ቤት ስትገቡ ከልጆቹ ጉልበት በስተኋላና ከፀጉራቸው ሥር መዥገር ፈልጉ።

አሁን ወደ እርሳሱ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ዳገት ስንወጣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ያገኘነው አሮጌ የጥይት ሣጥን ነበር፤ የላስቲክ ማሸጊያው ውሃ ስለማያስገባ ደባቂዎች ይወዱታል። የዚያኛው ማሸጊያ ግን አርጅቶ ወረቀቱ ረጥቧል። እስክሪብቶዬ እርጥቡን ወረቀት ጫረው እንጂ አልጻፈበትም። በወረቀቱ ላይ ካልፈረሙ ደግሞ አገኘሁ ማለት በሕጉ አይቆጠርም። ትንሿ ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እስክሪብቶውን እያሻሸች ታሞቀው ነበር። ሳንፈርም ወረድን። እርሳስ ብርድም ዝናብም አይበግረውም፤ አሁን ሁለት እርሳስና አንድ መቅረጫ እይዛለሁ። ደረቅ ወረቀትና ዚፕ ያለው ትንሽ ላስቲክም አይለየኝም፤ የራሰውን መዝገብ ባለቤቱ እስኪመጣ መታደግ ይቻላልና።

ሣጥኑ ሰፊ ከሆነ ልጆች የሚለዋወጡት ነገር ያገኙበታል። የወሰደ ሰው በዋጋ የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ይተካል። የእኔዎቹ ከአገር ቤት የመጣ የጀበና ቅርፅ ያለው የቁልፍ መያዣ ያስቀምጣሉ። ምግብ ክልክል ነው፤ አውሬ አሽትቶ ሣጥኑን ይሰባብረዋል። ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ የመንገደኛ ዕቃ ነው፤ ወስዳችሁ ሌላ ሣጥን ውስጥ ታኖሩታላችሁ እንጂ አታስቀሩትም። አካፋ አትያዙ፤ ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር አይፈቀድም፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆፈር ነገር የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ፓወር ባንክም ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከ1 እስከ 5 የተሰጠውን የፍለጋና የመንገድ ክብደት ደረጃ እዩ። መንገዱ 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ይደረሳል፤ 5 ከሆነ ገመድ ወይም ጀልባ ሊያስፈልግ ይችላልና በቤት ጫማ የሚሞከር አይደለም።

ፈርማችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፤ ክዳኑ መግጠሙን በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። የሸፈነውን የዛፍ ቅርፊት ባገኛችሁበት አኳኋን መልሱት።